የድርጅት አሠራር ልማድና ተወዳዳሪነት፦ ከራያ ቆላ የጎርፍ ጠለፋ አንጻር

የድርጅቶች ተወዳዳሪነት ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ካፒታልና ማሽን ናቸው። እነዚህን ግን ገንዘብ ያለው ተፎካካሪ ሁሉ ይገዛቸዋል። ሪቻርድ ኔልሰንና ሲድኒ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት መጽሐፍ ትኩረት የሰጡት ለአሠራር ልማድ ነው፤ ይኸውም ሠራተኞች ከመደጋገም ብዛት ብዙ ሳይነጋገሩ በቅንጅት የሚያከናውኑት ሥራ ነው። ዕውቀቱ በመካከላቸው ስለሚኖር አንድ ባለሙያ በማስኮብለል አይወሰድም። በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በግዢ አገኘ፤ ሙያውን ግን ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ሠራተኞች ጎን ለዓመታት በመሥራት ነው የለመደው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሾሙት እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር።

ለእኔ ሐሳቡ ይበልጥ ግልጽ የሚሆንልኝ ግን በቆቦና በራያ ቆላ ነው። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ እንደ ጎሊናና ሆርማት ባሉ ወንዞች ሜዳው ላይ ደርሶ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ገበሬው በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ክትር ሠርቶ፣ ውሃውን ጠልፎ ወደ ማሽላና ጤፍ ማሳው ይመራዋል። ጎርፉ በሌሊት ቢመጣ ማን ወዴት እንደሚሮጥ፣ የማን ማሳ እንደሚቀድም፣ ክትሩ ሲፈርስ ማን ጉልበት እንደሚያዋጣ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ክርክር ቢነሳ የውሃ አባት አለ። ክትሩ በኃይለኛ ጎርፍ መፍረሱ ለእንግዳ ሰው ድክመት ይመስላል፤ መፍረሱ ግን ማሳውን ከመጠረግ ያድናል።

በራያ ሸለቆ የተገነቡ አንዳንድ የኮንክሪት ጠለፋዎች ይህን ዕውቀት ሳይጠይቁ ብዙ መግቢያዎችን በአንድ ተኩ። መግቢያው በደለልና በግንድ ሲደፈን ገበሬው ወደ ቀድሞ ዘዴው ተመለሰ። መሐንዲሶቹን ብቻ መውቀስ ግን አልፈልግም፤ ልማድም ወሰን አለው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውሃን በፓምፕ አውጥቶ ለጠብታና ለርጭት መስኖ ማዋል ጀመረ። ዴቪድ ቲስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 የጻፉለት ችሎታ፣ ማለትም ሁኔታ ሲለወጥ የራስን አሠራር እንደገና የማደራጀት ችሎታ፣ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ፓምፕ የሌሊት ሩጫ አይፈልግም። የኤሌክትሪክ ሒሳብ በጊዜው መክፈልን፣ ለመለዋወጫ ገንዘብ ማስቀመጥን፣ ሳይበላሽ መፈተሽን ይጠይቃል። ክትር የፈረሰ ዕለት ሁሉም አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ ሞተር የተቃጠለ ዕለት ግን ማን ምን እንደሚያደርግ ተራው ገና መለመድ አለበት።