ቀጥቃጭ፣ ቅጥቅጥ እና የቱቦ ማጠፊያ

እኛ ሰሞኑን ብረት ስናጥፍ ሰንብተናል። እውነቱን ለመናገር ግን ብረቱ ነው እኛን ያጠፈን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሚት ውስጥ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ብዙም ሳይርቅ፣ የአንዳችን ወላጆች ግቢ አለ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ዕድሜዋ ከሁላችንም የሚበልጥ አንዲት ባለ ሸራ ሱዙኪ ቆማለች። አራት ሆነን አዋጥተን ሞተሯን አስነሳናት። ከዚያ በኋላ ሐሳባችን ከፍ አለ። ከሸራው ሥር፣ ከወንበሮቹ ጀርባ፣ መኪናዋ ብትገለበጥ ጭንቅላታችንን የሚያተርፍ የብረት ቅስት ልንሠራላት ወሰንን። በእጃችን፣ በግቢያችን፣ ማንም ሳይረዳን!

ቱቦ ገዛን። ማጠፊያም ገዛን። ማጠፊያውን የሸጠልን ሰው (ሱቁን አንጠራም) «ይሄ የማያጥፈው ቱቦ የለም» ብሎ ምሎልን ነበር። ባለ 12 ቶን ሃይድሮሊክ ነው፤ ክሪክ ወደ ጎን አጋድማችሁ ፊቱ ላይ ቅስት ብረት ብታስሩበት እሱን ታገኛላችሁ። እጀታውን ስንወዘውዝ ቱቦው ለጥቂት ጊዜ ሲታጠፍ ደስ አለን። ቀጥሎ ሆዱ ወደ ውስጥ ገባና እንደ ተረገጠ የለስላሳ ቆርቆሮ ተሰረጎደ። የገዛነው ቱቦ ውፍረቱ 38 ሚሊሜትር ነበር። ከታጠፈበት ላይ ስንለካው በአንድ ጎን 44፣ በሌላው ጎን 32 ሆኗል። የሰው ጭንቅላት ይሸከማል ያልነው ብረት!

ጎረቤታችን ጋሼ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያዩን ኖሯል። ዕድሜያቸውን በሙሉ የመኪና ቦዲ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሳቃቸውን ጨርሰው «ልጆች፣ የገዛችሁት የውሃ ቱቦ ማጠፊያ ነው። የያዛችሁት ደግሞ የወንበር ብረት ነው» አሉን።

እዚህች ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ገንዘባችን የጠፋው እዚህ ነው። የውሃ ቱቦ ሲሸጥ የሚጠራበት ኢንች የውጭ ልኩ አይደለም። «አንድ ተኩል ኢንች» የተባለ የውሃ ቱቦ ከውጭ ሲለካ 48 ሚሊሜትር ይሆናል። ለወንበር፣ ለመኪናና ለቤት ዕቃ የሚሸጠው ቱቦ ግን የሚጠራው በውጭ ልኩ ነው፤ አንድ ተኩል ኢንች ካለ 38 ሚሊሜትር ነው፣ አለቀ። እኛ «አንድ ተኩል» የሚል የተጻፈበትን የማጠፊያውን ቅስት «አንድ ተኩል» ካሉን ቱቦ ጋር አጋባናቸው። በቅስቱና በቱቦው መካከል 10 ሚሊሜትር ክፍተት ቀረ። ግድግዳው ስስ የሆነ ቱቦ ጎኑን የሚይዝለት ካላገኘ ወደ ባዶው ቦታ ይሄዳል። መሄድም ነበረበት።

እናላችሁ፣ ጥያቄ መጣብን። አራታችንም ዩኒቨርሲቲ ገብተን ወጥተናል። አንዳችንማ ምህንድስና ነው ያጠናው (ስሙን ብንጽፍ ይገድለናል)። ጋሼ በዓይናቸው ብቻ የለዩትን ነገር እኛ እንዴት አናውቀውም?

መልሱን ስንፈልግ አንድ ቃል ላይ ደረስን፦ ቀጥቃጭ። ዛሬ ቃሉ ብዙም አይሰማም፤ ድሮ ግን ስድብ ነበር። ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ ጦሩንም የሚሠራው ሰው ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ ይባል ነበር። ገበሬው ማረሻውን ይወስዳል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ሲያሠሩ ብረት ቀጥቃጭ አገሩ ውስጥ ጠፍቶ አልነበረም። ትልቁ ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር ይባላል፤ እሱን ተሸክሞ መቅደላ የሚያደርስ ጋሪና መንገድ መሥራትም አብሮ መጣ። ሁላችንም በትምህርት ቤት ስለ መድፉ ተምረናል። ስለ ጋሪው ያስተማረን ግን የለም። እንደ እኛ ከሆነ ትልቁ ሥራ ጋሪው ነው።

ቀጥሎ 1900 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ዓመት ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ከጅቡቲ እየነዳ አዲስ አበባ ድረስ ለዐፄ ምኒልክ አመጣ። የሚገርመው በዚያው በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ነው። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያሉ ማዋረድ ይቅር የሚል ነበር። መኪናና አዋጅ በአንድ ዓመት! ሁለቱን ያገናኛቸው አጋጣሚ ነው፤ መኪናዋ ስለመጣች አዋጁ ወጣ ማለታችን አይደለም። ግን አስቡት፤ መኪናዋ ስትሰበር ማን ሊጠግናት ነው? አዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን አላጠፋውም። መኪናዋ ግን ቀጥቃጩን የምትፈልግ ዕቃ ሆና አረፈችው።

የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ነገሩ በብዛት ሆነ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት አምስት ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎች ገቡ፤ ጣሊያን ሲሸነፍ ብረቱም፣ ጋራዡም፣ አንዳንዱ መካኒክም እዚሁ ቀረ። ከሁሉም በላይ የቀረው ግን ቋንቋው ነው። ዛሬ አንድ ጋራዥ ገብታችሁ ቆማችሁ ብታዳምጡ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ካምቢዮ፣ ባልስትራ። ላሜራ ቀጥቅጦ የሚያቀናው ባትላሜራ ይባላል፤ ትርጉሙ ያው ላሜራ ደብዳቢ ነው። በሌላ አነጋገር ቀጥቃጭ! በአማርኛ ሲጠሩት ስድብ የነበረው በጣሊያንኛ ሲጠሩት ሙያ ሆነ። ይህን ስናገኝ ለረጅም ጊዜ ስቀናል፤ በኋላ ግን ሳቁ ትንሽ ጎመዘዘን።

ከዚያ ወዲህ ኤንትሬ በሚባሉት የፊያት መኪናዎች ዘመን፣ በኋላም አምቼ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የፊያትን፣ ቀጥሎም የኢቬኮን የጭነት መኪና ሲገጣጥም፣ ካሶኒ መሥራት የአገር ውስጥ እጅ ሥራ ሆነ። ሻንሲና ጋቢና ከውጭ ይመጣል፤ ጭነት የሚሸከመውን አካል እዚህ ይበይዱለታል። ከካሶኒ ወደ ሰው መጫኛ ያለው መንገድ አጭር ነበር።

እና ቅጥቅጥ መጣ። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቅጥቅጥን ሳይሳፈር አላለፈም። ለማታውቁት፦ የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ተወስዶ፣ በላዩ ላይ የቱቦላሬ አጽም ተበይዶ፣ አጽሙ ላሜራ ለብሶ፣ ወንበር ተደርድሮበት አውቶቡስ ሲሆን ቅጥቅጥ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሕዝቡ ነው። ቀጠቀጠ፣ ቀጥቃጭ፣ ቅጥቅጥ። ያ የስድብ ግስ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ታርጋ አውጥቶ፣ ረዳት ቀጥሮ፣ «የሞላ!» እያለ ከመገናኛ ተነሣ።

ጋሼ የሠሩት እሱን ነው። «ጣሪያውን እንዴት ነበር የምታጥፉት?» አልናቸው። ጣሪያው ከጎን ወደ ላይ ሲዞር ክብ ነው፤ ቱቦላሬ ደግሞ አራት ማዕዘን ነው። ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ቱቦላሬውን በውስጥ በኩል እንደ መጋዝ ጥርስ እየሸረፉ መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ ስንጥቁን መበየድ ነው። ፈጣን ነው፤ ማጠፊያ አይፈልግም። ግን እያንዳንዱ ብየዳ የራሱ ባለቤት አለው፤ የአንዱ በያጅ እጅ ከደከመ ጣሪያው እዚያው ላይ ይከፈታል። ሁለተኛው ለክብ ቱቦ ነው፦ ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ጢቅ አድርጎ መሙላት፣ ሁለቱን አፍ መድፈን፣ በእሳት ማቅላት፣ ከዚያ በቅስት ዙሪያ ቀስ እያሉ መሳብ። አሸዋው ከውስጥ ሆኖ ግድግዳውን ይደግፋል፤ ቱቦው አይሰረጎድም። «አሸዋው እርጥብ ከሆነስ?» አልናቸው። ዝም ብለው አዩን። እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ ድፍኑን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል። ዚንክ የተቀባ የውሃ ቱቦ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ሌሊቱን በትኩሳት ያንቀጠቅጣል። ወተት ጠጡ የሚሉ አሉ፤ ጋሼ ግን «ወተቱን ለልጆቻችሁ አቆዩት፣ ዚንኩን ፍቁት፣ ነፋስ ባለበት ሥሩ» ነው ያሉት።

በነገራችን ላይ ቱቦ ማጠፍ በውጭውም ዓለም ከብስክሌት ጋር ነው የሚነሣው። ማኔስማን የተባሉ ጀርመናውያን ወንድማማቾች ያለ ብየዳ መስመር ቱቦ የሚወጣበትን ዘዴ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ማርሴል ብሮየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1925 አድለር ብስክሌት ገዝቶ ሲጋልብ መሪው ላይ ዓይኑ አረፈ፤ ይህ እንዲህ ከታጠፈ ወንበር አይሆንም ወይ ብሎ ያንን ዝነኛ የቱቦ ወንበር ሠራ። የትምህርት ቤት ወንበራችን ሁሉ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ ጋሼ «የወንበር ብረት» ሲሉን ትክክል ነበሩ።

ወደ ሱዙኪያችን እንመለስ። እንደ እኛ በግቢው ውስጥ መኪና ሊሠራ ያሰበ ካለ፣ በገበያው ላይ የምታገኙት የሦስት ዓይነት ማሽን ነው። አንዱ እኛ የተሸወድንበት ሃይድሮሊክ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ለሆነ የውሃ ቱቦ፣ ለአጥርና ለደረጃ መደገፊያ ይበቃል። ሌላው ባለ ሦስት ሮለሩ ነው፤ ቱቦውን በሦስት ጎማዎች መካከል እያመላለሰ ሰፊ ቅስት ያወጣል። ለቅጥቅጥ ጣሪያ፣ ለዳስ፣ ለአትክልት በር ግሩም ነው፤ ጠበቅ ያለ ማዕዘን ግን አትጠይቁት። ሦስተኛው ቱቦውን ጨብጦ በክብ ቅርጽ ዙሪያ እየጎተተ የሚያዞረው ነው። ቅርጹ ቱቦውን በሁለት ጎኑ እንደ ጓንት ይይዘዋል፤ ተከታዩ ብረት ከውጭ ይደግፈዋል። ለመኪና ቅስት የሚሆነው ይህ ነው። ችግሩ ለእያንዳንዱ የቱቦ ልክ የራሱን ቅርጽ መግዛት ነው፤ ከማሽኑ ይልቅ ኪስ የሚያራቁተው እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽን አትምረጡ። መጀመሪያ አንድ የቱቦ ልክ ምረጡ፤ መላ መኪናችሁን በዚያ ልክ አስቡት፤ ከዚያ ለዚያ ልክ አንድ ቅርጽ ግዙ።

የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ለውድድር መኪና ያወጣው ደንብ ለዋናው ቅስት 45 በ2.5 ወይም 50 በ2 ሚሊሜትር፣ ያለ ብየዳ መስመር የተሳበ ቱቦ ይጠይቃል። መታጠፊያው ከመሐል መስመሩ ሲለካ ከቱቦው ውፍረት ሦስት እጥፍ ያላነሰ ይሁን ይላል። ቱቦው ቢጨፈለቅ እንኳ ጠባቡ ልክ ለሰፊው ሲካፈል ከ0.9 መውረድ የለበትም። የእኛን እንያ፦ 32 ለ44 ሲካፈል 0.73። ጣሉት!

ያለ ብየዳ መስመር የተሠራ ቱቦ ካጣችሁና ባለ መስመሩን ለቀላል ሥራ ከተጠቀማችሁ መስመሩን ከውጭም ከውስጥም መታጠፊያ አታድርጉት፤ ውጩ ይለጠጣል፣ ውስጡ ይጨመቃል፣ ጎኑ ግን ብዙም አይነካም። መስመሩ በጎን ይሁን። ደግሞ ብረት ሲለቁት ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ 90 ዲግሪ ከፈለጋችሁ ጥቂት አሳልፉት። ምን ያህል? በቁራጭ ሞክሩ። ጋሼ ለአርባ ዓመት የሞከሩት በቁራጭ ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርን። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በተጀመረው የቤቶች ፕሮግራም በሩንም፣ መስኮቱንም፣ መደገፊያውንም የሠሩት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። የእኛ ደረጃ መደገፊያ አንድም ቦታ የታጠፈ ብረት የለውም። በየማዕዘኑ ተቆርጦ የተበየደ ነው። ዕድሜያቸው እንደ እኛ የነበሩ ልጆች፣ ማጠፊያ ሳይኖራቸው፣ በመቁረጫና በብየዳ ብቻ ሠፈር ሙሉ ደረጃ ጨርሰው አስረከቡ። እኛ እጃችንን እያሳረፍንበት ስንወጣና ስንወርድ አንድ ቀን እንኳ የማን ሥራ ነው አላልንም። አሁን ብየዳውን እየቆጠርን ነው የምንወጣው፤ አንዳንዱ ያምራል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው አንዱ ግን መጥፎ ነው፤ ተጠንቀቁ።

ሃይድሮሊኩን አልመለስንም፤ ሻጩም አይቀበልም። ጋሼ ለአጥራቸው ሥራ ተዋሱት። በምላሹ ከምናለሽ ተራ ወፍራም ክብ ብረት ፈልገው፣ ቶርኖ ቤት ወስደው፣ ለ45 ሚሊሜትር ቱቦ ቅርጽ ሊያስወጡልን ቃል ገብተዋል። እጀታውንና መቆሚያውን እኛው እንበይዳለን። ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያውን ብየዳችንን አሳየናቸው። መዶሻ አምጡ አሉ። አንድ ጊዜ መቱትና ለሁለት ተለያየ። «እንደገና» አሉን።