ግሳትን ከገበታው ስለ መቍረጥ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዳኛና ለሽማግሌ ብቻ የተነገረ አይደለም። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ ሥዕል የሚያነሣበትንና የሚቈርጥበትን መሣሪያ በኪሱ ይዞ ስለሚዞር፣ ምሳሌው ከማንም ይልቅ ለእርሱ የሚገባ ሆኗል። የሚቈርጥ ሰው ፈራጅ ነው፤ ምን እንዲያዝ፣ ምን እንዲጣል የሚወስነው እርሱ ነውና።

ይህን እንድናገር ያነሣሣኝ በጣም ትንሽ የሚመስል ነገር፣ ይኸውም ግሳት ነው። ሰዎች ሲያገሱ የተነሡትን ቪዲዮዎች ሰብስቦ፣ ከእያንዳንዱ ግሳቱን ብቻ ቈርጦ፣ ሃያውን ሠላሳውን በአንድ ክር ሰክቶ ለሣቅ የማቅረብ ልማድ በዓለም ተስፋፍቶ በስልክ አማካይነት እኛም ዘንድ ሰኮሩ ድረስ መጥቷል። ሣቅ ክፉ አይደለም፤ ሣቅ የሌለበት ቤት ይጨልማል። ነገር ግን ቈራጩ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ከግሳቱ በፊትና ከግሳቱ በኋላ ከነበረው ነገር ምን ያህሉ ይያዝ? ምን ያህሉስ ይጣል? ጥያቄው አዲስ መስሎ ይታያል እንጂ በታሪክ ውስጥ በልዩ ልዩ መልክ ተነሥቷል፤ መልሱም አንዳንድ ጊዜ ከባድ ውጤት አስከትሏል።

አስቀድመን ግሳት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ስንበላና ስንጠጣ ከእህሉ ጋር የምንውጠው አየር፣ ደግሞም ለስላሳ መጠጥና ቢራ የሚለቀው ጋዝ በጨጓራችን ይሰበሰባል፤ በጉሮሮ በኩል ወደ ላይ ሲወጣም ድምፅ ያሰማል። እናት ሕፃኗን ካጠባች በኋላ በትከሻዋ ላይ አስደግፋ ጀርባውን መታ መታ የምታደርገው ይህ አየር እንዲወጣለት ነው። ጨጓራውን የሚታመም ሰው ደጋግሞ ሲያገሳ ግሳቱ የሥቃይ ምልክት ነው። አንድ ሽማግሌ ከገበታ ተነሥተው አግሥተው «ተመስገን» ወይም «አልሐምዱ ሊላህ» ሲሉ ደግሞ ግሳቱ ምስጋና ነው። እንግዲህ ድምፁ አንድ ሲሆን ትርጕሙ ሦስት ሆነ። ጆሮ ብቻውን ሊለየው አይችልም፤ የሚለየው በዙሪያው ያለው ነገር ነው።

የቋንቋችን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። አገሳ የምንለው ቃል ከግእዙ «ጐሥዐ» ጋር አንድ ሥር አለው። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት 44ኛው መዝሙር፣ በዕብራይስጡ ቍጥር 45ኛው ማለት ነው፣ ሐሳቡን የሚከፍተው በዚሁ ቃል ነው፤ የግሪኩና የላቲኑ ትርጕምም በዚያ ቦታ ላይ ማግሳትን የሚያመለክት ቃል አስገብተዋል። መዝሙረኛው ሊል የፈለገው ልቡ ስለ ሞላ መልካም ነገር ከውስጡ ገንፍሎ ወጣ ነው። አንድ ፌዘኛ ያችን አንዲት ቃል ብቻ ቈርጦ ቢያወጣት ሰው በንጉሥ ፊት አገሳ ብሎ ሊያስቅባት ይችላል። የሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ቃላት ሲጨመሩባት ግን ሣቁ ወደ አክብሮት ይለወጣል። በፌዝና በምስጋና መካከል የቆመው የሁለት ሦስት ቃላት ርዝመት ብቻ መሆኑን ልብ በል።

ምስጋናውም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቈየው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ፣ እርሻ ቆሞ፣ ሕዝብ በየመንገዱ ወድቋል። በእንደዚህ ያለ አገር ጠግቦ ማደር እንደ ቀላል ነገር አይቈጠርም። የጠገበ ሰው ግሳት «ዛሬስ ደረስን» የሚል ምስክርነት ነበረ። ገበታውን ከፊቱ አንሥተህ ግሳቱን ብቻ ያሳየህ እንደ ሆነ፣ ይህ ሁሉ ታሪክ ይጠፋና አንድ ያልታረመ ሰው ብቻ ይቀራል።

የእኛ ገበታ ለሌላ ሕዝብ ተቈርጦ ሲቀርብም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ቈይቶ፣ በ1790 የጉዞውን ታሪክ በአምስት ቅጽ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የዓባይን ምንጭ፣ የነገሥታቱን ታሪክ፣ ዕፀዋቱንና አራዊቱን ጽፏል፤ መጽሐፈ ሄኖክንም በግእዝ ወደ አውሮፓ ያመጣው እርሱ ነው። ስለ ግብዣም ሲጽፍ መኳንንቱ ጥሬ ሥጋ እንደሚበሉ፣ በሚያኝኩበት ጊዜ ድምፅ ማሰማትም በእነርሱ ዘንድ የጨዋ ልማድ እንደ ሆነ አትቷል። ከዚያ ሁሉ ሥራ ውስጥ ግን የብዙ ሰው አፍ የያዘው የጥሬ ሥጋውን ወሬ ነው። እኵሌቶቹ ዋሸ አሉት፤ እኵሌቶቹ በእኛ ሣቁ። አምስት ቅጽ ተጥሎ አንድ ገበታ ተያዘ፤ ከገበታውም ድምፁና ደሙ ብቻ ተያዘ።

ሲኒማ ከመጣ በኋላ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ረቀቀ። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ በሩሲያ ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል የሲኒማ መምህር የአንድ ተዋናይን ፊት የሚያሳይ አንድ ሥዕል ወስዶ፣ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን ቀጥሎ፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ቀጥሎ አሳየ። ፊቱ ያው ነበረ፤ ሆኖም ተመልካቾቹ ተዋናዩ እንዴት እንደ ተራበ፣ እንዴትም እንዳዘነ አድንቀው እንደ ተናገሩ ይተረካል። ከዚህ የምንማረው ቈራጩ የሚናገረው በጣለው ብቻ ሳይሆን ጎን ለጎን ባስቀመጠውም ጭምር መሆኑን ነው። የሽማግሌው ግሳት በሁለት ሰካራሞች ግሳት መካከል ቢገባ፣ ማንም ምንም ሳይናገር ሽማግሌው ሦስተኛው ሰካራም ይሆናሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ምስክር ግን ከገዛ አገራችን የሚገኘው ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ረኃብ ገብቶ ብዙ አሥር ሺህ ሰው ሲያልቅ፣ ነገሩ እንዲሰወር ተደርጎ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ገብቶ ያዘጋጀው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ፤ እርዳታም ተሰበሰበ። ከዓመት ገደማ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። ነገር ግን እንደ ነበረ አላሳየውም። በተራቡት ሰዎች ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳይ ሥዕል ተሰክቶበት ነበር። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ነገር ላይ ቸኵለህ አትፍረድ። ሥዕሎቹ ሐሰት አልነበሩም። ረኃቡ እውነት ነበረ፤ ግብዣውም እውነት ነበረ፤ ለጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የሚባለውም በዚያ ጊዜ በግልጥ ታይቷል። ሆኖም ሁለቱ ሥዕሎች በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ የተነሡ አይደሉም፤ መቀሱ ነው አንድ ገበታ ላይ ያስቀመጣቸው። ድርቁ፣ የመሬቱ ሥሪት፣ የጭሰኛው ሸክም፣ ወሬውን ያፈኑት ሹማምንት ሁሉ ከሥዕሉ ውጭ ቀሩ፤ የአገር ሙሉ በደልም የአንድ ሽማግሌ ገበታ ሆኖ ታየ። ተመልካቹ ተቈጣ፤ የረኃቡን ሥር ግን አልተማረም። ያው መንግሥት በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ በሰሜን አገራችን ረኃብ እንደ ገና ሕዝብን ይፈጅ ነበር፤ የኮረምም ሥዕል ጥቅምት 13 ቀን ዓለምን ያስደነገጠው ዳግመኛ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው። የሌላውን ገበታ ቈርጦ ያሳየ እጅ የራሱን ገበታ ቈርጦ ሸሸገ።

የግሳት ቪዲዮ ዙፋን አይገለብጥም ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የአንድን ሰው ክብር ይገለብጣል፤ ለዚያ ሰውም ክብሩ ዙፋኑ ነው። በሠርግ ቤት ጠግበው ያመሰገኑ አባት በልጅ ልጆቻቸው ስልክ ላይ መሣቂያ ሆነው ቢያገኙት፣ ከዚያ በኋላ በሰው ገበታ ላይ በነጻነት አይቀመጡም።

እንግዲህ ቈራጩ ምን ያድርግ? ሁሉን መያዝ አይቻልም። የሁለት ሰዓት ሠርግ ለአንድ ግሳት ሲባል ቢታይ ሰው ይሰለቻል፤ ታሪክ ጸሓፊም ቢሆን ሳይቈርጥ አንድ ገጽ አይጽፍም። ስለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ሰውየው ሆን ብሎ አግሥቶ እንደ ሆነ፣ ወይም ሳያስበው መጥቶበት እንደ ሆነ ለይ። በ2013 ዓ.ም. አንድ የአውስትራሊያ ሰው 112.4 ዴሲቤል የሚደርስ ግሳት አሰምቶ በጊነስ መዝገብ ተጽፏል፤ ከዚያ በፊት የአንድ እንግሊዛዊ 109.9 ዴሲቤል ነበር። እንደዚህ ያለው ሰው ግሳቱን ለማሳየት ብሎ የመጣ ስለ ሆነ ብዙ ዙሪያ አያስፈልገውም፤ ውድድር መሆኑና ቍጥሩ ይበቃዋል። ሳያስበው የመጣበት ሰው ግን ገበታው ከእርሱ ጋር ይያዝለት።

ቀጥለህ የጣልኸው ቢመለስ የተመልካቹ ፍርድ ይገለበጥ እንደ ሆነ ጠይቅ። የማይገለብጠውን ጣለው፤ የሚገለብጠውን ግን አንድም ነጥብ አትንካበት። ሽማግሌው እጃቸውን ከገበታ ሲያነሡና «ተመስገን» ሲሉ ለማሳየት የሚያስፈልገው አምስት ሰከንድ ነው። አምስት ሰከንድ ቪዲዮውን አያስረዝመውም፤ ሰውየውን ግን ሰው ያደርገዋል። የታመመ ሰው ከሆነ ደግሞ ምንም ያህል ዙሪያ ብትጨምርለት የሣቅ ስፍራ የለውምና ከነጭራሹ ተወው።

በመጨረሻም ከማን ጎን እንዳስቀመጥኸው ተመልከት፤ ሰውየው አጠገብህ ተቀምጦ ቢያየው «አዎን፣ ይህ እኔ ነኝ» ይል እንደ ሆነም ገምት። ራሱን አውቆ አብሮህ የሚሥቅ ከሆነ ሥራህ ንጹሕ ነው። «ይህስ እኔ አይደለሁም» የሚል ከሆነ ግን፣ ድምፁ የእርሱ ቢሆንም እንኳ፣ ያሳየኸው ሌላ ሰው ነው።

መቀስ ጨርቅን ልብስ ያደርጋል፤ ጨርቅንም ብጣሽ ያደርጋል። ብረቱ አንድ ነው፤ የሚለየው የሚይዘው እጅ ነው። አንተም በእጅህ ያለው መቀስ ትንሽ ነው ብለህ አትናቀው፤ በትንሹ ያልታመነ እጅ ነገ የአገር ታሪክ ሲሰጠው እንዴት አድርጎ እንደሚቈርጠው ከዛሬው ይታወቃልና።