ከወረቀት ዳንቴሉ ሥር

በእጅ የተሠራ ካርድ ሲነሣ ወዲያው ትዝ የምትለኝ አስቴር ሀውላንድ ናት። በ1847 እ.ኤ.አ. ግድም አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ዉስተር ከተማ ውስጥ ከእንግሊዝ የመጣ የፍቅረኞች ቀን ካርድ አየችና የተሻለ መሥራት ጀመረች። ናሙናዎቿን ወንድሟ ለገበያ ይዞ ዞረ። የ200 ዶላር ትእዛዝ ስትጠብቅ የ5,000 ዶላር ይዞላት መጣ ይባላል።

ብቻዋን አልቻለችውም። ሴቶችን ቤቷ ሰብስባ ሥራውን ከፋፈለችው፤ አንዷ ሥዕል ትቆርጣለች፣ ሌላዋ ትለጥፋለች። ከነጩ የወረቀት ዳንቴል ሥር ባለቀለም ወረቀት ይገባል፤ በየቀዳዳው ብቅ ሲል ካርዱ ነፍስ ይዘራል። ይህ የእጅ ሥራ ነው ወይስ ፋብሪካ? እኔ ሁለቱንም ነው ባይ ነኝ። ሴቶቹ ግን ደመወዝ አገኙበት፤ ለዚያ ዘመን ሴት የራሷ ገንዘብ (የዛሬ አንባቢ ቀላል ይመስለው ይሆናል) ትልቅ ነገር ነበር።

በ1881 አባቷን ለማስታመም ንግዱን ሸጠችው። የስንቱን ፍቅር ያሳመረችው አስቴር እርሷ ትዳር አልያዘችም።