የደብረ ወርቁ የቆሎ ተማሪ

ተረት ተረት! «የመሠረት» በሉኛ! የዛሬው ግን የጦጣና የጅብ አይደለም፤ የሰው ነው።

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትሄዱ ደብረ ወርቅን ታገኛላችሁ፤ የማርያም አገር። ዱሮ በዚያ ደጅ የቆሎ ተማሪ ይርመሰመስ ነበር፦ ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳ ያነገተ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር የሚታገል። ከእነዚያ አንዱ በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለደ የቄስ ልጅ ነው። ደብረ ኤልያስን፣ ደብረ ወርቅን፣ ዲማን አዳረሰ። ስሙ ሐዲስ ዓለማየሁ። ቆዩ! ወደ ልብ ወለዱ «ፍቅር እስከ መቃብር» አትሩጡብኝ። መጽሐፉ ሹሙን ጋርዶታል፤ እኔ የማወጋው ሹሙን ነው።

ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ገባ፤ ዘመናዊ ትምህርት ቀስሞ ደብረ ማርቆስ ላይ አስተማሪ ሆነ። ጠላት ጣሊያን መጣ። ከራስ እምሩ ጋር ሽሬ ዘመተ፤ እየተዋጉ እያፈገፈጉ ጎጀብ ወንዝ ደረሱ፤ በ1929 ዓ.ም. እዚያ ተማረኩ። ጣሊያን አግዞ ፖንዛና ሊፓሪ ደሴቶች ላይ ጣለው። ዓባይን ትልቅ ውኃ ብሎ ያደገ ልጅ፣ ዙሪያው ባሕር! ሰባት ዓመት ገደማ።

ከዚህ ወዲያ «አንቱ» ልበላቸው፤ ሹም ሆነዋል። ኢየሩሳሌም ቆንስል፣ ዋሽንግተን ዲፕሎማት፣ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ ተጠሪ፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ ለንደን አምባሳደር። ከለንደን ሲመለሱ ደግሞ የፕላንና ልማት ሚኒስትር።

እኔን የሚደንቀኝ ይኼ ነው፦ በ1958 ዓ.ም. የንጉሥ ባለሟል ሆነው፣ ጭሰኛ ተነሥቶ ፊታውራሪ የሚማርክበትን ያን «ፍቅር እስከ መቃብር» አሳተሙ። የመጽሐፉን ፊታውራሪ መሸሻን እያየ ያልሣቀ አንባቢ የለም፤ በዚያ ዘመን በየአገሩ ስንት መሸሻ እንደነበር አስቡት! በመጽሐፉ ያለውን የቆሎ ተማሪ የበዛብህን ኑሮስ ማን ነገራቸው? አኮፋዳዋ ናታ።

1966 ዓ.ም. መጣ፤ ዙፋኑ ተነቃነቀ። ያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሁኑ ቢባሉ እንቢ አሉ ይባላል። ቁራሽ ለምኖ ያደገ ሰው የተሰጠውን ሁሉ ይቀበላል ያለው ማነው?

ቤታቸው ተቀምጠው «የልም እዣት»ን ጻፉ፣ የዘመቻና የግዞቱን ነገር በ«ትዝታ» አወጉ። ኅዳር 1996 ዓ.ም. አረፉ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ዳቦው ከደብረ ወርቅ ቢሆን አልጠላም።