መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክ ለአምቦና ለአካባቢው ኑሮ ሲመዘን፦ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ16

በምዕራብ ሸዋ ዞን የመኸር ምርት ተወቅቶ ገበያ ከደረሰ በኋላ፣ ከዕዳና ከቤት ወጪ የተረፈው ገንዘብ ስልክ መግዣ የሚሆንበት ቤት ጥቂት አይደለም። ግዥው እንደ ጫማ ወይም እንደ ልብስ በዋዛ የሚታይ አይደለም። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተጨመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። የእህል ሽያጭ ክፍያ፣ ከአዲስ አበባ ልጅ የሚልከው ድጋፍ፣ የሱቅ ሒሳብ በእርሱ በኩል ያልፋል። ስልኩ በሁለተኛው ዓመት ቢያስቸግር የሚጎዳው የባለቤቱ መዝናኛ ሳይሆን ገበያው ነው።

ዋጋውም ከፍ ብሏል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ደርሷል፤ ከዚያም በኋላ መውጣቱን ቀጥሏል። ስልክም ሆነ የስልክ መለዋወጫ በዶላር የሚገባ በመሆኑ፣ ገዥው «ስንት ብር ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ስንት ዓመት ያገለግላል?» የሚለውን አብሮ ማንሳት ይኖርበታል። ለስሌት ያህል፣ በ24 ሺሕ ብር ተገዝቶ ስድስት ዓመት የሚያገለግል ስልክ ለዓመት 4 ሺሕ ብር ያስወጣል፤ በ14 ሺሕ ብር ተገዝቶ በሁለት ዓመት የሚጣለው ደግሞ 7 ሺሕ ብር። ርካሹ ውድ የሚሆነው እንዲህ ነው።

በዚህ ሚዛን ሊታይ ከሚገባቸው ስልኮች አንዱ ሳምሰንግ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ጋላክሲ ኤ16 ነው። እዚህ የሚመዘነው የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ዓይነቱ ነው። 6.7 ኢንች ስፋት ያለው የአሞሌድ ስክሪን፣ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ 128 ወይም 256 ጊጋባይት ማከማቻ፣ 50 ሜጋፒክስል ዋና ካሜራ አለው። እነዚህ ቁጥሮች በተመሳሳይ ዋጋ በሚሸጡ ሌሎች ስልኮች ላይም ይገኛሉ። ልዩ የሚያደርገው በሣጥኑ ላይ ጎልቶ የማይጻፈው ነገር ነው፦ ኩባንያው እስከ ስድስት ትውልድ የሚደርስ የአንድሮይድ ማሻሻያና የስድስት ዓመት የደኅንነት ማስተካከያ እንደሚልክለት ቃል ገብቷል።

ይህ ለገበሬው ምን ያደርግለታል? የባንክና የገንዘብ ማስተላለፊያ መተግበሪያዎች በየጊዜው ይታደሳሉ፤ ሲታደሱም የቆየ አንድሮይድ የያዘ ስልክን እየተዉ ይሄዳሉ። አካሉ ደኅና የሆነ ስልክ መተግበሪያው አልከፈት ሲለው ባለቤቱ ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ያረጀው ግን ሶፍትዌሩ ነው። የደኅንነት ማስተካከያ የማይደርሰው ስልክ ደግሞ ለማጭበርበሪያ ፕሮግራሞች ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ስልክ ሲገዛ ተጨማሪ ብር ሊከፈልበት የሚገባው ነገር ቢኖር ይኸው የማሻሻያ ዘመን ነው፤ ካሜራው አይደለም። ሆኖም ስድስቱ ዓመት የሚቆጠረው ስልኩ ገበያ ላይ ከዋለበት ጊዜ አንሥቶ እንጂ ከተገዛበት ቀን አይደለም። ዘግይቶ የሚገዛ ሰው ያለፈውን ጊዜ ቀንሶ ዋጋውን መከራከር ይችላል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ባትሪው እየደከመ ስለሚሄድ ቢያንስ አንድ ጊዜ መቀየሩ አይቀርም፤ ይህም ወጪ ከስሌቱ መግባት አለበት።

ባትሪውን በአካባቢው ሁኔታ መመዘን ያስፈልጋል። በሱቅ ውስጥ «ሁለት ቀን ይቆያል» የሚባለው ስልክ ኔትወርክ በደከመበት ቀበሌ አንድ ቀን ላይሞላ ይችላል። በጊንጪ አቅራቢያ ባለው የጭልሞ ደን ዙሪያ እንዳሉት ባለ ኮረብታና ባለ ጥቅጥቅ ዛፍ ስፍራዎች ተራራውም፣ የጥዱና የዝግባው ቅጠልም የሬዲዮ ሞገድን ያዳክማሉ። ስልኩ ማማውን ፍለጋ ኃይሉን ይጨምራል፤ ባትሪውም ኪስ ውስጥ እንዳለ ያልቃል። ኔትወርክ በማይገኝበት ሰዓት ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ማድረግ ከማንኛውም «ባትሪ ቆጣቢ» መተግበሪያ የተሻለ ይሠራል። በአሞሌድ ስክሪን ጥቁር ዳራ መጠቀምም ያግዛል፤ ምክንያቱም በእንዲህ ዓይነቱ ስክሪን ጥቁር የሆነው ነጥብ ብርሃን አያወጣም።

መብራት በሌለበት ቤት 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ማለት 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 10 ዋት የተጻፈበት የፀሐይ ሰሌዳ በተግባር ከዚያ ያነሰ ስለሚሰጥ፣ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ጥርት ያለ ፀሐይ ይጠይቃል፤ በክረምት ደመና ቀኑን ሙሉ ተሰጥቶም ላይሞላ ይችላል። ስልኩ እስከ 25 ዋት በሚደርስ ኃይል ቶሎ መሙላት ቢችልም፣ በብዙ አገሮች የሚሸጠው ያለ ቻርጀር ነው። መብራት በሚዋዥቅበት ከተማ ጥራቱ ያልታወቀ ርካሽ ቻርጀር መሰካት የስልኩን ዕድሜ በገዛ እጅ ማሳጠር ስለሆነ፣ የደኅና ቻርጀር ዋጋ ከመጀመሪያው አብሮ ይታሰብ።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ከጀመረ በኋላ በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ሁለት ቁጥሮችን የሚይዝ ሰው በርክቷል። ጋላክሲ ኤ16 ሁለት ሲም ይቀበላል፤ ነገር ግን ሁለተኛው የሲም ቦታና የሚሞሪ ካርዱ ቦታ አንድ ነው። ቴሌብርንና ኤምፔሳን ጎን ለጎን የሚጠቀም ሰው ሚሞሪ ካርድ ማስገባት አይችልም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ገዥ ቢቻል ባለ 256 ጊጋባይቱን ቢወስድ ይሻለዋል። በዚህ ረገድ ለሁለት ሲምና ለካርድ ሦስት የተለያየ ቦታ ያላቸው ስልኮች ይበልጡታል።

ሁለተኛው ጉድለት ለሬዲዮ አድማጭ የሚከብድ ነው። ስልኩ ክብ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የለውም። በስልክ ኤፍኤም ሬዲዮ ሲደመጥ የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ እንደ አንቴና ያገለግላል፤ ሽቦ በሌለበት በኢንተርኔት ማዳመጥ ነው የሚቀረው፤ ኢንተርኔት ደግሞ ሒሳብ ይቆጥራል። ማሳ ላይ ዜናና የገበያ ዋጋ በሬዲዮ መከታተል የለመደ ሰው ይህን ሳያውቅ መግዛት የለበትም።

ካሜራው ከሥዕል ማስታወሻነት ያለፈ ጥቅም አለው። ስንዴው ቢጫ ዋግ ሲጀምረው ወይም በቆሎው በተምች ሲበላ፣ የልማት ሠራተኛ እስኪደርስ የቅጠሉን ፎቶ በቴሌግራም መላክ ቀን ያተርፋል። ለዚህ ሥራ «ማክሮ» የሚባለውን 2 ሜጋፒክስል ካሜራ መጠቀም ስሕተት ነው። በዋናው ካሜራ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ቅጠሉን በጥላ ሥር አድርጎ ማንሣት በሽታውን አጥርቶ ያሳያል። የአቧራና የውኃ መከላከያው አይፒ54 ደረጃ አለው። የመንገድ አቧራንና የዝናብ ፍንጣቂን ይችላል፤ ወንዝ ውስጥ መውደቅን ግን አይችልም።

በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ለሚጽፍ ቤተሰብ የጉግል የጽሑፍ ሰሌዳ ሁለቱንም ይዟል። መጻፍ ለሚከብደው አዛውንት አማርኛን በድምፅ ተናግሮ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው አገልግሎት ከ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አለ። ይህ በማንኛውም የአንድሮይድ ስልክ የሚገኝ ስለሆነ ለምርጫው ብዙ አይመዝንም።

ይልቅ የሚመዝነው ጥገና ነው። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ሦስቱም ትራንሽን የተባለ የቻይና ኩባንያ ስሞች ናቸው፤ ኩባንያው በኢትዮጵያ ስልክ መገጣጠም ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ተጠቃሚያቸው ብዙ በመሆኑ የትንሽ ከተማ ጠጋኝ እጁ የለመደው እነርሱን ነው። የአሞሌድ ስክሪን ዋጋ ደግሞ ከተራው ኤልሲዲ ይበልጣል። የጋላክሲው የስድስት ዓመት ተስፋ በአንድ ውድቀት ሊቀር ስለሚችል፣ የስክሪን መከላከያና ሽፋን የሌለው ጋላክሲ ኤ16 ይዞ ገበያ መውጣት አይመከርም። ገዥው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በአምቦ፣ በጊንጪ ወይም በጉደር ያለ ጠጋኝ የዚህን ስልክ ስክሪን በስንት እንደሚቀይር ቢጠይቅ ከሻጩ ያልሰማውን ይሰማል።

በሱቁ ውስጥ የሚደረገው ምርመራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። *#06# ሲደወል የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር ከሣጥኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። በሳምሰንግ ስልኮች *#0*# ሲጻፍ በአብዛኛው የስክሪን፣ የድምፅና የካሜራ መፈተሻ ገጽ ይከፈታል፤ ካልተከፈተ ማብራሪያ መጠየቅ ተገቢ ነው። «8+8» ተብሎ የሚጻፈው የራም መጠን ግማሹ ከማከማቻው የተበደረ ስለሆነ በ16 ጊጋባይት ሒሳብ ሊገዛ አይገባም። ሁለቱም ሲሞች ገብተው መደወልና ኢንተርኔት መክፈት ይኖርባቸዋል፤ ለአንድ የውጭ አገር ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ስልክ የሚታወቀው በዚህ ነው። ያገለገለ ስልክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት የጉግል አካውንቱን በገዥው ፊት አጥፍቶ ስልኩን እንደ አዲስ ያስነሣው። ይህ ካልተደረገ ስልኩ አንድ ቀን የማያውቁትን የይለፍ ቃል ጠይቆ ሊቆለፍ ይችላል።

ስልኩ ቤት ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ቀን የሲም ካርዱ የምስጢር ቁጥር ይከፈት። ስክሪኑ ቢቆለፍም ሌባ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ሊያስገባው ይችላልና። የድሮው ባለ ቁልፍ ስልክም አይሸጥ፤ ትልቁ ስልክ ሲጠገን ወይም መብራት ሲጠፋ ሲሙን ተቀብሎ በ*127# ቴሌብርን ያንቀሳቅሳል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የግብርና ነፃ የስልክ መስመር 8028 በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ምክር የሚሰጠው በዚያው ስልክ ነው። ገንዘብ መላክ፣ መቀበልና የግብርና ምክር መስማት ብቻ የሚፈልግ ቤተሰብ ጋላክሲውንም ሆነ ሌላውን ውድ ስልክ ለጊዜው ትቶ ገንዘቡን ለዘርና ለማዳበሪያ ቢያውለው አይጎዳም።