ገበያ የወጣች ሴት፦ የነቀምቴና የወለጋ ገበያዎች ሌላው ታሪክ

የነቀምቴን የንግድ ታሪክ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የሚያገኘው ወርቅ ነው። የሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች ከአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጋር የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋቸዋል፤ ወርቁና ግብሩ በየገጹ አለ። የአገር ጎብኚዎች ማስታወሻም ከዚህ አይርቅም፦ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ማር።

በገበያ ቀን በነቀምቴ ዙሪያ ካሉት ከጉቶ፣ ከዲጋና ከዋዩ ግልብጥ ብሎ ወደ ከተማው የሚተመው ሕዝብ ግን አብዛኛው ወርቅ አልያዘም። ሴቶቹ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ ጥቂት እንቁላል፣ አንድ ዶሮ፣ በወቅቱ ከሆነም አንጮቴ ይዘው ይወጣሉ። ማታ ሲመለሱ በእጃቸው ያለው ጨው፣ በርበሬ፣ ምናልባትም አንድ ሻሽ ነው። ትርፉን ብቻ ያሰላ ሰው ለዚህ ሲል የሰዓታት መንገድ በእግሩ አይሄድም። እነሱ ግን በየሳምንቱ ይሄዱ ነበር፤ የሚሸጡት ባጡበት ቀንም ሳይቀር። ይህ መንገድ ለብዙዎቹ ከጓዳ ጭስ፣ ከውኃ ቅጂና ከወፍጮ የሚያርፉበት የሳምንቱ ብቸኛ ቀን ነበር።

ነቀምቴ ከመግነኗ በፊት የምዕራቡ አውራ ገበያዎች ሌላ ቦታ ነበሩ። ከዓባይ ማዶ በጎጃም ባሶ፣ ከዓባይ ወዲህ በጉዱሩ አሰንዳቦ፣ በሌቃ ምድር ደግሞ ቢሎ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ የጁቤ ሰንብቶ ስለ ባሶ ገበያ ጽፏል። ሲራራ ነጋዴው ከሰሜን ጨርቅ፣ ዶቃ፣ መርፌና መስተዋት ጭኖ ይወርዳል፤ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ይመለሳል። ለከባዱ ግዢ የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ለቀላሉ አሞሌ ጨው ይከፈላል። አሞሌው ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ ተጓጉዞ እዚህ ሲደርስ ዋጋው በእጅጉ ከፍ ስለሚል፣ ቁራጭ ጨው ይዛ ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት ቀላል ነገር አልያዘችም።

በእነዚሁ ገበያዎች ሰውም ይሸጥ ነበር። ስለ ገበያ ደስታ የሚያወራ ይህን ዘሎ ማለፍ የለበትም። በኢሉባቦር ሁሩሙ የተወለዱት ኦነሲሞስ ነሲብ በሕፃንነታቸው ተሰርቀው፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠው ምጽዋ ደርሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ የወጡት። እንደ እሳቸው ከባርነት ከወጡት ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ መለሱ፤ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ታተመ። ከዚያ በኋላ በ1896 ዓ.ም. ነቀምቴ ገብተው ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1923 ዓ.ም. እስኪያርፉም ሥራቸው እዚያው ነበር። አንዱን ልቡ ቀልሎ የሚመልሰው አደባባይ ለሌላው ከእናቱ የተነጠለበት ነበር፤ ሁለቱም የአንድ አገር ታሪክ ናቸው።

ነቀምቴ ራሷ የገነነችው በገዥው በበከሬ ጎዳና ቤተሰብ ዘመን ነው። ልጃቸው ሞሮዳ በ1874 ዓ.ም. ገደማ ለምኒልክ የጦር አዛዥ ለራስ ጎበና በሰላም ስለገቡ ሌቃ በዘመቻ ሳትጠፋ ቀረች፤ ለዚህም ውለታ ለምኒልክ ወርቅ እየገበሩ አገራቸውን ራሳቸው አስተዳደሩ። ከእሳቸው በኋላ ልጃቸው ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ለአርባ ዓመት ያህል ገዙ። ሰላም ያለበት ቦታ ነጋዴ ይሰፍራል፤ ነጋዴ የሰፈረበትም ገበያ ይደራል። ከተማዋ በአማርኛ ለቀምት ስትባል ቆይታ ስሟ በዓለም የቡና ገበያ እስከ ዛሬ በዚሁ አጠራር ቀርቷል።

የገበያ ቀን ምን ይመስል እንደነበር የሚነግሩ ሰነዶች ስለ ቀረጥ ያወራሉ። ስለ ቀሪው የሚያወራው ልማዱ ነው። አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን፣ በነጋሪት፣ ሰው በሞላበት ነው። የተጣላ የሚታረቀው፣ የወንድ ልጅ አባት የሴት ልጅ አባትን ለጋብቻ የሚጠይቀው፣ የሩቅ ዘመድ መርዶ የሚሰማው እዚያ ነው። ኦሮሞ ከራሱ ጎሳ ስለማያገባ ሴት ልጅ የምትዳረው ወደ ሌላ ጎሳ፣ አንዳንዴም ሩቅ ወደሆነ መንደር ነው። ባል አገር የገባች ሙሽራ እናቷን ለማየት ፈቃድና ስንቅ ያስፈልጋታል፤ ለገበያ ግን ማንም አይከለክላትም። እናትና ልጅ ከቅቤ ተራው ጥግ ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ያ ሰዓት ከሸጡት ቅቤ በላይ ዋጋ ነበረው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሽያጩ ገንዘብም የሴቲቱ የራሷ ነው። እህሉ፣ ከብቱ፣ ቡናው በአባወራው እጅ ሲሆን ቅቤውና እንቁላሉ በእመቤቲቱ እጅ ነበር። ስለዚህ ዶቃ ትግዛ ኩል፣ ሻሽ ትግዛ እጣን፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ራሷ ትመርጣለች። መምረጡ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፦ ታነሣለች፣ ታገላብጣለች፣ ታስቀምጣለች፣ ዞራ ትመለሳለች። ክርክሩ ሲያልቅ ነጋዴው ምራቂ ይጨምርላታል፤ ያቺ ጭማሪ ቁንጥር ከሚዛኑ ይልቅ ለደንበኝነቱ ነች። ገበያ መውጣትን እንደ በዓል ያየው ወለጋ ብቻ አይደለም። በጋሞ ደጋ አዲስ ሙሽሮች ጫጉላቸውን ጨርሰው ከሰው የሚቀላቀሉት አምረውና ተውበው በገበያ መካከል በመዞር ነው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን የዕቃውን ዓይነት ለወጠ። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዝ በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም በመርከብ ጨውና አቡጀዲ ይመጣል፤ ከደምቢ ዶሎና ከጎሬ ቡና ይወርዳል። በምዕራቡ ከተሞች ግሪኮች፣ ሶሪያውያንና ዓረቦች ሱቅ ከፈቱ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ቀድሞ ገበያ በሳምንት አንዴ ደርቶ ማታ የሚበተን ነበር፤ አሁን በማንኛውም ቀን በሩ ክፍት የሆነ፣ ጣቃው በመደርደሪያ የተሰለፈ ቤት መጣ። የማይገዛም ገብቶ ያያል።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የመኪና መንገድ ሲዘረጋ፣ ከዚያም በኋላ ኤንትሬ የሚባሉት የጭነት መኪናዎች ሲመላለሱበት፣ የመርካቶ ዕቃ ጊምቢ ድረስ ገባ። ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ገበያው የሰውን ፊት ይለውጣል፦ ለገና ልብስ፣ ለጥር ሠርግ ጥሎሽ፣ ለቤት ፋኖስ። በቀሪዎቹ ወራት የከረመ ብድርና የከረመ ችግር የሚረሳው በእነዚህ ሳምንቶች ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን በተወሰነ ዋጋ በኮታ ይረከብ ጀመር። የቡናው ንግድም በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ገባ። ኬላዎች በየመንገዱ ቆሙ፤ ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው እህል ማሻገር ያስጠይቃል። ስኳር፣ ሳሙናና ዘይት በቀበሌ ሱቅ በራሽን ታደለ። ለድሃው የከተማ ነዋሪ ራሽኑ በክፉ ቀን የደረሰለት መሆኑ አይካድም። ሆኖም ሰው በሰልፍ ቆሞ የሚቀበለው የተመደበለትን ነው፤ ማገላበጥ፣ መከራከር፣ ዞሮ መመለስ የለም። ምራቂም የለም።

በዚያ ዘመን ምን እንደጎደለ ለመረዳት ከሩቅ አገር የመጣ ጥናት ይረዳል። የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ፣ ያዘነ ሰው ሲገዛ ቅር ያለው ልቡ የሚመለስበትን ምክንያት መርምረዋል። የደረሱበት ውጤት እፎይታው የሚመጣው ከመምረጡ ነው የሚል ነው። ኀዘን ነገር ሁሉ ከእጅ እንደወጣ ያስመስላል፤ ይህን ልውሰድ፣ ያንን ልተው ብሎ መወሰን ደግሞ ያን ስሜት ይቀንሳል። የቅቤ ገንዘቧን ይዛ በዶቃ መደብ ፊት የቆመችው የሌቃ ሴት ይህን ታውቀው ነበር። ጥናቱ ያልያዘው የእሷ ሌላ ግማሽ ግን አለ፦ መንገዱ፣ ጓደኞቿና እናቷ። ዛሬ በስልክ መስኮት ብቻውን ዕቃ እያየ ጭንቀቱን ለማስታገስ የሚሞክር የከተማ ወጣት ምርጫው ሞልቶለታል፤ ያ ሌላው ግማሽ ግን ጎድሎበታል።

በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ አውጆ ኮታውን ሲያነሣ ገበያው እንደገና ተነፈሰ። የሰልባጅ ክምሮች በየከተማው በቀሉ፤ አጎንብሶ እያገላበጡ አንድ የምታምር ሹራብ ማግኘት የብዙ ሰው የሳምንት ደስታ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ደግሞ ከየክልሉ የመጡ ተማሪዎች ለነቀምቴ ሱቆች አዲስ ደንበኛ ሆኑ።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች የቀጠለው ግጭት የሰው ሕይወት በልቷል፣ መንደር አፈናቅሏል፣ መንገድ ዘግቷል። መንገድ ሲዘጋ ገበያ ይቀራል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ሰፊ ክፍል ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ፣ ስለ ዘመዱ ደኅንነት መስማት የሚሻ ሰው የቀረው አማራጭ በአካል መገናኘት ነበር፤ እሱም በማይታመን መንገድ ላይ። የጉዳቱ ዘገባዎች የተቃጠለ ቤት፣ የተዘጋ ትምህርት ቤትና ያልታረሰ መሬት ይቆጥራሉ፤ መቁጠራቸውም ተገቢ ነው። ያልተገናኙ እናትና ልጆች፣ ከቤት ሳይወጡ ያለፉ የገበያ ቀናት ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገቡም።

መልሶ ግንባታ ሲታቀድ በነቀምቴ ዙሪያ ያሉት የጉቶ ጊዳና የአጎራባች ወረዳዎች የገበያ ሜዳ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች መካከል ሊሆን ይገባዋል። ሥራውም ግልጽ ነው፦ ለቅቤና ለእንቁላል ተራው የዝናብና የፀሐይ መጠለያ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ ቤት፣ በገበያ ቀን ከማለዳ እስከ ምሽት ያለ ስጋት የሚኬድበት መንገድ። ቀረጥ ሰብሳቢው ቦታውን ቀድሞ አውቆታል፤ ትንሽ ቅቤ ይዛ የምትመጣዋም ከከፈለችው ቀረጥ ላይ ይህ ይገባታል።