ሰክሮ መንዳትን የደጋገመ ሰው በሕግ ፊት

መግቢያ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል የአገራችን ሰው። ሰክሮ መኪና በመንዳት ሰውን የጎዳ ነጂ መቀጮውን ከፍሎ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ነገሩን ሊረሳው ይችላል። ልጅ የሞተበት ቤተ ሰብ ግን አይረሳም። በሁለቱ መካከል የቆመው ሕግስ የሚያስታውስ ነው ወይስ የሚረሳ? የዚህ አጭር ጥናት ጥያቄ ይኸው ነው።

ሰክሮ መንዳት ጥፋት መሆኑን ዛሬ የሚክድ የለም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ተፈርዶበት ሳለ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ በዚያው ጥፋት ዳኛ ፊት የሚቆመው ሰው ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ፣ መንግሥታት መልስ ለመፈለግ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። እኛም የእንግሊዝን፣ የኖርዌይንና የአሜሪካን ታሪክ ስንመረምር፣ የሕግ እጅ በመጀመሪያ በነጂው ኪስ ላይ፣ ቀጥሎ በመንጃ ፈቃዱ ላይ፣ ከዚያም በገላው ላይ፣ ከዚያም በመኪናው ላይ፣ በመጨረሻም በመጠጡ ላይ እያረፈ መሄዱን አይተናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የመቀጮ ዘመን

ጥፋቱ ከመኪና በፊት የነበረ ነው። በ1872 የወጣው የእንግሊዝ የመጠጥ ንግድ ሕግ፣ ሰክሮ ሠረገላ ወይም ፈረስ፣ ከብት ወይም የእንፋሎት መኪና በአደባባይ መንገድ ላይ የያዘ ሰው እስከ 40 ሺልንግ እንዲቀጣ ወይም እስከ አንድ ወር እንዲታሠር ያዝዝ ነበር። በመስከረም 1897 በሎንዶን ከተማ ጆርጅ ስሚዝ የተባለ የታክሲ ነጂ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪናውን ከአንድ ሕንጻ ጋር አጋጭቶ ተያዘ፤ መጠጣቱንም አምኖ መቀጮ ከፈለ። በሞተር ተሽከርካሪ ሰክሮ በመንዳት ከተከሰሱት ሰዎች መጀመሪያው እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። በአሜሪካም የኒው ጀርሲ ግዛት በ1906፣ የኒው ዮርክ ግዛት በ1910 ሰክሮ መንዳትን የሚከለክል ሕግ አወጡ።

እነዚህ ሕጎች ሁለት ጉድለት ነበረባቸው። አንደኛው፣ «ሰካራም» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ልክ አልነበረውም። ሐኪም ወይም ፖሊስ ተከሳሹን በመሥመር ላይ ያስኬደዋል፣ አስቸጋሪ ቃል ያስነግረዋል፣ ከዚያ በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ይሆናል። ተከሳሹ ጥቂት ብቻ መጠጣቱን ከተናገረና ጥሩ ጠበቃ ካቆመ በነጻ ይለቀቃል። በነጻ የተለቀቀ ሰው ደግሞ ጥፋት አልተመዘገበበትምና፣ በሚመጣው ዓመት ቢያዝ እንደ መጀመሪያ ጥፋተኛ ይቆጠራል። ሁለተኛው ጉድለት መቀጮው ራሱ ነበር። ገንዘብ ላለው ሰው መቀጮ በመጠጡ ሒሳብ ላይ እንደ ተጨመረ ጥቂት ዋጋ ነው፤ ለድኻው ግን የልጆቹ እንጀራ ነው። ሁለቱንም ከመንገድ አያወጣቸውም።

2. ልኬት፣ ፈቃድና መዝገብ

ከመጀመሪያው ጉድለት ለመውጣት መንገድ የከፈተችው ኖርዌይ ናት። በ1936 በወጣው ሕግ ደሙ ውስጥ ከመቶ 0.05 የሚበልጥ አልኮል የተገኘበት ነጂ፣ ቢንገዳገድም ባይንገዳገድም ጥፋተኛ ነው ተባለ። ክርክሩ ከምስክር አፍ ወጥቶ ወደ ልኬት ገባ። የደጋገመውም ሰው ነገር በዚያው አገር ከበደ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የተፈረደበት ነጂ የመንዳት መብቱን ለዘለዓለም እንዲያጣ ተደረገ።

በአሜሪካ ሮላ ሃርገር በ1931፣ ሮበርት ቦርከንስታይን በ1954 የትንፋሽን አልኮል የሚለኩ መሣሪያዎች ሠሩ። ይኸው ቦርከንስታይን በ1962 እና በ1963 በግራንድ ራፒድስ ከተማ ባደረገው ጥናት፣ አደጋ ያደረሱትን ነጂዎች ካላደረሱት ጋር እያስተያየ፣ አልኮሉ ከመቶ 0.08 ሲያልፍ አደጋው በፍጥነት እንደሚጨምር አስረዳ።

እንግሊዝም በ1967 ባወጣችው የመንገድ ደኅንነት ሕግ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አልኮል ወሰን እንዲሆን ደነገገች። ሕጉን ለፍጻሜ ያደረሱት የትራንስፖርት ሚኒስትር ባርባራ ካስል ራሳቸው መኪና መንዳት የማይችሉ ሴት ስለ ነበሩ ብዙ ተቀለደባቸው፤ ውጤቱ ግን ቀልደኞቹን ዝም አሰኘ። በመጀመሪያው ዓመት በመንገድ የሞቱት ሰዎች ቍጥር ከአንድ ሺህ በላይ ቀነሰ። በቅዳሜና በእሑድ ሌሊት ይደርስ የነበረው ከባድ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለት ሦስተኛ ያህል ወደቀ። ይሁን እንጂ ላውረንስ ሮስ የተባለው ሊቅ እንዳስረዳው ይህ ውጤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ እየሳሳ ሄደ። ሕዝቡ መጀመሪያ ላይ የፈራው «በርግጥ እያዛለሁ» ብሎ ነበር፤ የመያዙ ዕድል ጥቂት መሆኑን ሲረዳ ግን ፍርሃቱ ለቀቀው። የቅጣት ክብደት ብቻውን እንደማይበቃ፣ የመያዝ እርግጠኝነት እንደሚበልጥ ከዚህ እንማራለን።

መዝገብም አስፈላጊ ሆነ። በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን የመንጃ ፈቃድ ስለሚሰጥ፣ በአንዱ ግዛት ፈቃዱን የተነጠቀ ሰው ድንበር ተሻግሮ በሌላው አዲስ ያወጣ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት በ1960 ሰክረው በመንዳት ወይም ሰው በመግደል ፈቃዳቸውን የተነጠቁትን ነጂዎች የሚመዘግብ አንድ ብሔራዊ መዝገብ አቋቋመ። ሕግ ማስታወስ የጀመረው እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ፈቃድ ወረቀት ነው። በልዩ ልዩ ጥናቶች እንደ ተገመተው፣ ፈቃዳቸው ከተያዘባቸው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ያለ ፈቃድ መንዳታቸውን ቀጥለዋል።

3. የ1980 ዓመትና ከዚያ በኋላ

ግንቦት 3 ቀን 1980 በካሊፎርኒያ ግዛት ፌር ኦክስ በተባለች ቦታ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በመንገድ ዳር ስትሄድ መኪና ገጭቶ ገደላት። ነጂው ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ሰክሮ በመንዳት የተፈረደበት፣ ከሁለት ቀን በፊትም ሌላ ሰው ገጭቶ አምልጧል ተብሎ ተይዞ በዋስ የተለቀቀ ነበር። መዝገቡ ሁሉንም ያውቅ ነበር፤ ያወቀውን ግን በሥራ ላይ ያዋለው አልነበረም። የልጅቱ እናት ካንዲ ላይትነር በዚያው ዓመት ሰክሮ መንዳትን የሚቃወሙ እናቶችን ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ በፊት ሰካራም ነጂ የሚያሳዝን ወይም የሚያስቅ ሰው ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሟቾቹ ፎቶግራፍ በምክር ቤት ፊት ቆመ።

በ1988 ደግሞ በኬንታኪ ግዛት በካሮልተን አጠገብ አንድ ነጂ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲነዳ ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ 27 ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙት ልጆች ነበሩ። በነጂው ደም ውስጥ የተገኘው አልኮል ከመቶ 0.24፣ ማለትም በጊዜው ከተፈቀደው ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። እርሱም ቀደም ብሎ በዚያው ጥፋት ተፈርዶበት ነበር። በዚህኛው ጊዜ 16 ዓመት ተፈረደበት።

ሕጎቹም ተለወጡ። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ጥፋቶቹ በ10 ዓመት ውስጥ ከተደጋገሙ ቅጣቱ እንደ ደረጃ ከፍ ይላል። ሁለተኛው ጥፋት እሥራትና ረጅም የትምህርት ጊዜን ያስከትላል፤ ሦስተኛው ቢያንስ 120 ቀን እስከ አንድ ዓመት ያሳሥራል፤ አራተኛው በከባድ ወንጀል ተቈጥሮ እስከ ሦስት ዓመት እሥር ቤት ያስገባል። የፌዴራሉም መንግሥት በ1998 ባወጣው ሕግ፣ ለሁለተኛ ጥፋት ቢያንስ 5 ቀን እሥራት ወይም 30 ቀን የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ፣ ለሦስተኛው 10 ቀን ወይም 60 ቀን እንዲሆን፣ አጥፊውም የመጠጥ ሱስ እንዳለበት እንዲመረመር ጠየቀ። ይህን ያላደረገ ግዛት ከመንገድ ሥራ ገንዘቡ ከፊሉ ወደ ደኅንነት ሥራ ይዛወርበታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን በ1981 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዋትሰን ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ነው። ሰክሮ መንዳት ሰው እንደሚገድል እያወቀ ነድቶ የገደለ ሰው በነፍስ ግድያ ሊከሰስ ይችላል ተባለ። በኋላም በዚህ ጥፋት የሚፈረድበት ሰው፣ ቢደግመውና ሰው ቢገድል በነፍስ ግድያ ሊከሰስ እንደሚችል ዳኛው እንዲያስጠነቅቀው ሆነ። እንግዲህ የመጀመሪያው ፍርድ ለሁለተኛው ምስክር ሆነ። «አላወቅሁም» የሚለው መልስ ለደጋጋሚው ተዘጋ።

4. ከእሥር ቤት ወደ መኪናውና ወደ መጠጡ

ይሁን እንጂ የታሠረ ሰው ይፈታል፤ ሱሱም አብሮት ይወጣል። እንግሊዝ በ1983 በ10 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከፍ ባለ የአልኮል መጠን የተፈረደበትን ነጂ፣ የእገዳው ጊዜ ቢያልቅም ሐኪም ሳይመረምረው ፈቃዱ እንዳይመለስለት ያደረገችው ይህን በመረዳት ነው። ጥያቄው «ቅጣቱን ጨረሰ ወይ?» ከማለት «ተሻለው ወይ?» ወደ ማለት ተለወጠ።

በአሜሪካ ደግሞ ነጂው ሳይተነፍስበት ሞተሩ የማይነሣ መሣሪያ በመኪና ላይ ይገጠም ጀመር። የኒው ሜክሲኮ ግዛት በ2005 ለመጀመሪያ ጥፋተኞች ጭምር ግዴታ አደረገችው። በ2011 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው መሣሪያው በተገጠመበት ጊዜ እንደገና የመያዝ ቍጥር በአማካይ 67 ከመቶ ይቀንሳል፤ መሣሪያው ሲወልቅ ግን ጥቅሙ አብሮ ይወልቃል። መኪናው ታሰረ እንጂ ሰውዬው አልተፈወሰም።

ስለዚህ የሳውዝ ዳኮታ ግዛት በ2005 ሌላ ሙከራ ጀመረች። የሐሳቡ አመንጪ የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ላሪ ሎንግ ነበሩ። ሰክሮ መንዳትን የደጋገመ ሰው በየቀኑ ጧትና ማታ እየመጣ ትንፋሹን ያስለካል። ንጹሕ ከሆነ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ጠጥቶ ከተገኘ ወዲያው ለአጭር ጊዜ ይታሠራል። ቅጣቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አይቀርም፣ አይዘገይም። በ2013 የታተመ ጥናት ይህ ሥራ በተጀመረባቸው አውራጃዎች ደግሞ በመስከር የሚያዙት ነጂዎች 12 ከመቶ፣ በቤት ውስጥ ድብደባ የሚያዙትም 9 ከመቶ እንደ ቀነሱ አረጋገጠ። የጥቅሙን ስፋት የምናየው በሁለተኛው ቍጥር ነው፤ የነጂው ሚስትና ልጆችም ከመጠጡ ዳኑ።

5. የውጭ አገር ተወላጅ ሲሆን

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካል። በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች በርካታ ወገኖቻችን ታክሲ በመንዳት ይተዳደራሉ፤ ለእነርሱ ፈቃድ ማጣት እንጀራ ማጣት ነው። ዜጋ ላልሆነውም ሌላ መዘዝ አለበት። የአሜሪካ ላዕላይ ፍርድ ቤት በ2004 ሰውን ሳያስብ የጎዳ ሰካራም ነጂ «የኃይል ወንጀል» ሠርቷል አይባልም በማለት ለመጤዎች ፈረደ። ነገር ግን በ2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ሰክሮ በመንዳት የተፈረደበት መጤ መልካም ጠባይ እንደ ጎደለው ይገመታል ሲሉ ወሰኑ። መልካም ጠባይ ደግሞ ዜግነት ለሚጠይቅም፣ ከአገር እንዳይባረር ለሚለምንም ሰው አስፈላጊ ነው። ዜጋውን ለጥቂት ወራት የሚያሳሥር ሁለተኛ ፍርድ፣ መጤውን ከልጆቹ ሊለየው ይችላል ማለት ነው። አንድ ጥፋት ሁለት ዓይነት ሚዛን የሚመዘንበት ይህ ጉዳይ ለሕግ ተማሪዎቻችን ጥሩ የክርክር ርእስ ይመስለናል።

መደምደሚያ

በአሜሪካ በ1982 ከሰካራም ነጂ ጋር የተያያዘ ሞት ከ21,000 በላይ ነበር፤ በ2019 ወደ 10,000 ገደማ ወርዶ፣ በ2022 እንደገና ከ13,000 በላይ ሆነ። ድሉ ትልቅ ነው፤ የጸና ግን አይደለም።

ቅጣት ይክበድ የሚሉትን ወገኖች አናቃልልም፤ የፌር ኦክስን ልጅ ያሰበ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ታሪኩ የሚያሳየን መቀጮውም፣ ፈቃድ መንጠቁም፣ እሥራቱም ለየብቻቸው እንዳልበቁ ነው። ውጤት የተገኘው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ጥፋቱን የማይረሳ መዝገብ፣ የማይቀርና የማይዘገይ ቅጣት፣ ለሱሱም ሕክምና። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ያው ሰው በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሕግ ቢረሳ፣ የሚያስታውሰው የተወጋው ብቻ ይሆናል።